ቡቃያ በቁና አይሰፈርም

እ.ኤ.አ. ኦገስት 30 ቀን 2025፣ ቅዳሜ ረፋድ። ዳላስ በሚገኘው ቤታችን ቡና እየተቆላ ነው። ልጄ ቁጥር 16 ማሊያውን ለብሶ ከቴሌቪዥኑ ፊት ወለሉ ላይ ተቀምጧል። የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን ሎንግሆርንስ ኮሎምበስ ከተማ ድረስ ሄዶ ከኦሃዮ ስቴት ጋር የዓመቱን የመጀመሪያ ጨዋታ ያደርጋል። ኳርተርባኩ፣ ማለትም ኳስ እየወረወረ ጥቃቱን የሚመራው ተጫዋች፣ አርች ማኒንግ ነው፤ አገር ምድሩ ሲጠብቀው የከረመ ወጣት። ጨዋታው ግን 14 ለ 7 በቴክሳስ ተሸናፊነት አለቀ። አርች ከወረወራቸው 30 ኳሶች ለጓደኞቹ የደረሱት 17 ብቻ ነበሩ፤ አንዷን ደግሞ ተነጠቀ።

ልጄ ማሊያውን አውልቆ ሶፋው ላይ ጣለና “ቪንስ ያንግ ቢሆን እዚህ ሜዳ ላይ አይሸነፍም ነበር” አለ።

ልጄ 17 ዓመቱ ነው። የቀድሞው ኳርተርባክ ቪንስ ያንግ ለቴክሳስ የመጨረሻ ጨዋታውን ሲያደርግ እሱ ገና አልተወለደም። ሆኖም ያለውን ከሜዳ አላመጣውም። ሴፕቴምበር 10 ቀን 2005 ቪንስ በዚያው በኮሎምበስ ስታዲየም ቡድኑ ወደ ኋላ ቀርቶ ሳለ፣ ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩ ለቡድን ጓደኛው ለሊማስ ስዊድ የወረወራት ኳስ ውጤቱን ገለበጠችው፤ ቴክሳስም 25 ለ 22 አሸነፈ። በዚያው የውድድር ዘመን መጨረሻ፣ ጃንዋሪ 4 ቀን 2006፣ ፓሳዴና ላይ የተደረገውን የሮዝ ቦውል ጨዋታ ያየ ሰው አይረሳውም። ተጋጣሚው የሳውዘርን ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ (ዩኤስሲ) 34 ጨዋታ በተከታታይ አሸንፎ የመጣ ቡድን ነበር፤ 38 ለ 33 እየመራም ነበር። ለቴክሳስ የቀረችው አራተኛዋና የመጨረሻዋ ሙከራ ናት፤ ሰዓቱ ላይ ግማሽ ደቂቃ እንኳ የለም። ቪንስ ኳሷን ተቀበለ፣ የሚሰጠው ሰው ፈለገ፣ አጣ፤ ወደ ቀኝ ጥግ ሮጦ በራሱ እግር ይዟት ገባ። 41 ለ 38። በዚያ ምሽት በውርወራ 267፣ በሩጫ 200 ያርድ አስመዘገበ። የቴክሳስ ሰው ስለ ታላቅነት ሲያወራ በልቡ ያለው ቁና ይህ ነው።

ቁናው እውነተኛ ነው፤ እኔም አከብረዋለሁ። ልጄ የማያውቀው ግን ያ ቁና የሞላበትን መንገድ ነው። እሱ ቪንስን የሚያውቀው በቪዲዮ ነው፤ ቪዲዮ ደግሞ የሚያስቀረው ድሉን ብቻ ነው። እኔ ግን ሌላ ቀን አስታውሳለሁ።

ኦክቶበር 9 ቀን 2004 ዳላስ ውስጥ ከኮተን ቦውል ስታዲየም አቅራቢያ በሚገኝ ፓርኪንግ እሠራ ነበር። ቴክሳስና ኦክላሆማ በየዓመቱ የሚገናኙት በዚህ ስታዲየም ነው፤ የመቀመጫው ግማሽ ብርቱካንማ፣ ግማሹ ቀይ ይለብሳል። ስለ ጨዋታው እምብዛም አላውቅም፤ ውጤቱን ያነበብኩት ከሚወጡት ሰዎች ፊት ነው። ቴክሳስ 12 ለ 0 ተሸንፏል፤ አንዲት ነጥብ እንኳ አላገኘም። ብርቱካንማ የለበሱት ሁሉ ስሙን እየጠሩ የሚረግሙት አንድ ሰው ነበር፤ ቪንስ ያንግ። “ኳስ መወርወር አይችልም፣ ሌላ ቦታ ያጫውቱት” ይባባላሉ። አሥር ዓመት ቢሆነው ነው፣ አንድ ልጅ ከአባቱ ጎን እያለቀሰ መጣ። ፒክአፑ ጋ ሲደርስ የለበሰውን የቪንስን ቁጥር 10 ማሊያ አውልቆ ወደ መኪናው የኋላ መጫኛ ወረወረው። አባትየው ምንም አላለውም፤ ሞተሩን አስነስቶ ሄደ።

በሳምንቱ ከሚዙሪ ጋር በተደረገው ጨዋታ አሰልጣኝ ማክ ብራውን ቪንስን አስቀምጠው ሌላውን ኳርተርባክ ቻንስ ሞክን አስገቡ። ዓመቱ ሲጠቃለልም ቪንስ ለተችዳውን (ለግብ) የወረወራቸው ኳሶች 12፣ የተነጠቃቸው 11 ነበሩ። ዛሬ ሐውልት የምናቆምለት ሰው ያኔ ይህን ይመስል ነበር። ታዲያ ከዚያ የኦክላሆማ ቀን በኋላ ቪንስ ያንግ በቴክሳስ ማሊያ ዳግመኛ አልተሸነፈም፤ ቡድኑ 20 ጨዋታ በተከታታይ አሸነፈ። ማሊያውን የወረወረው ልጅ እየሄደ የነበረው ከቪንስ ታላቅነት ደጃፍ ነበር፤ ግን ማን ይንገረው?

ያን ቀን ቪንስ ዕድሜው 21 ነበር። አርች ማኒንግም ኮሎምበስ ላይ ሲሸነፍ 21 ነው። ልብ በሉ፤ አርች የተወለደው ኤፕሪል 2004 ነው። ቪንስ ዳላስ ላይ ሲረገም እሱ የአምስት ወር ሕፃን ነበር። ሁለቱን ማወዳደር የሚፈልግ ሰው የ21 ዓመቱን ከ21 ዓመቱ ጋር ያወዳድር። እኛ የምናደርገው ግን የአንዱን መጀመሪያ ከሌላው መጨረሻ ጋር ማጋጠም ነው። ይህ ፍርድ አይደለም። ገበሬ ቡቃያን በቁና አይሰፍርም። ቁና የሚወጣው አዝመራው ታጭዶ፣ ተወቅቶ፣ ምርቱ ከገለባው ከተለየ በኋላ ነው።

በአርች ላይ ደግሞ ከቪንስ ሌላ የቤቱም ቁና አለበት። አያቱ አርቺ ማኒንግ ስመ ጥር ኳርተርባክ ነበር፤ አጎቶቹ ፔይተንና ኢላይ እያንዳንዳቸው ሁለት ጊዜ ሱፐር ቦውል አንሥተዋል። እንዲህ ያለ ስም የያዘ ልጅ በመጣ በዓመቱ “አጫውቱኝ፣ አለዚያ ሌላ ዩኒቨርሲቲ እሄዳለሁ” ቢል ማንም አይደነቅም ነበር፤ ዛሬ ቡድን መቀየር ቀላል ነውና። እሱ ግን ሁለት የውድድር ዘመን ከቀዳሚው ኳርተርባክ ከክዊን ኢወርስ ጀርባ ተራውን ጠበቀ። እኔ ልጁን መመዘን የጀመርኩት ከዚህ ትዕግሥቱ ነው።

“ያኔ ተጫዋቾቹ በነፃ ነበር የሚጫወቱት፤ አሁን ይከፈላቸዋል፤ ስለዚህ መተቸት አለባቸው” የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። እርግጥ ነው፣ ከ2021 ወዲህ የኮሌጅ ተጫዋቾች ከስማቸውና ከምስላቸው ገንዘብ ማግኘት ተፈቅዶላቸዋል። ይተቹ፤ ትችት የጨዋታው አካል ነው። ገንዘብ ግን ልምድ አይገዛም። የሚከፈለው ልጅም የመጀመሪያ ዓመቱን መኖር አለበት።

ሌላኛው ክርክር ይበልጥ ይከብዳል፤ “የተጮኸበት ሁሉ ቪንስ ያንግ አይሆንም” ይላሉ። ልክ ናቸው። ጋሬት ጊልበርትን እናስታውስ። ጃንዋሪ 2010 ለብሔራዊ ዋንጫ ከአላባማ ጋር በተደረገው ጨዋታ የቡድኑ ጌጥ፣ ኳርተርባኩ ኮልት ማኮይ፣ ገና ሲጀመር ተጎዳና ጊልበርት ተተክቶ ገባ። ቴክሳስ 37 ለ 21 ተሸነፈ። በቀጣዩ የውድድር ዘመን ጊልበርት የማኮይን ቦታ ሙሉ በሙሉ ተረከበ፤ ቡድኑ ግን 5 አሸንፎ 7 ተሸነፈ። ማኮይ ማኮይ እየተባለ ልጁ ቴክሳስን ለቀቀና ወደዚሁ ወደ ዳላስ፣ ወደ ኤስኤምዩ ዩኒቨርሲቲ መጣ። እዚህም ተጫውቶ በ2014 የፕሮፌሽናሉ ቡድን ሴንት ሉዊስ ራምስ መረጠው። ሁሉም ቪንስ አይሆንም፤ ግን ሁሉም በማኮይ ልክ ካልሆነ ምንም አይደለም ማለት እንዳልሆነ የጊልበርት መንገድ ያሳያል።

ታዲያ ወጣቱን በምን እንመዝነው? የእኔ መልስ አንድ ነው፤ ከወደቀ በኋላ ባለው ሳምንት። ከኮሎምበሱ ሽንፈት በኋላ፣ በሴፕቴምበር፣ አርች በገዛ ስታዲየሙ፣ ዩቴፕን በሚያሸንፉበት ጨዋታ እንኳ የራሱ ደጋፊ ጮኸበት። በኦክቶበር መጀመሪያ በፍሎሪዳ 29 ለ 21 ተሸነፉ። በሳምንቱ እኔ ፓርኪንግ እሠራበት በነበረው ሰፈር፣ በኮተን ቦውል፣ ኦክላሆማን 23 ለ 6 ረቱ። በሚሲሲፒ ስቴት ሜዳ በመጨረሻው ሩብ 38 ለ 21 ሲመሩ ከቆዩት ባለሜዳዎች ጋር አቻ ሆነው በተጨማሪ ሰዓት 45 ለ 38 አሸነፉ። በኖቬምበር መጨረሻ እስከዚያ ቀን ያልተሸነፈውን ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤምን 27 ለ 17 ሲያሸንፉ አርች ራሱ 35 ያርድ ሮጦ ተችዳውን አገባ። ይህ ሮዝ ቦውል አይደለም። ከኦገስቱ ልጅ የተሻለ ልጅ መሆኑን ግን ዓይን ያለው ያያል።

በዚያ በኤ ኤንድ ኤም ምሽት ልጄ ወደ ክፍሉ ገባና ቁጥር 16ን ፈልጎ ለብሶ ተመለሰ። ከኦገስት ጀምሮ ቁም ሣጥን ውስጥ ነበር፤ ጨርቁ ተጨማድዷል። ያኔ ስለ ፓርኪንጉ ልጅ ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና “አባዬ፣ ማሊያውን መልሶ ያነሣው ይመስልሃል?” ሲል ጠየቀኝ።

ያ ልጅ ዛሬ ሠላሳ ዓመት ያለፈው ጎልማሳ ነው። የዚያን ዕለት አባቱ ቤት ሲደርሱ ማሊያውን ከፒክአፑ አውጥቶ፣ አጥቦ፣ አጣጥፎ አስቀምጦለት ይሆናል ብዬ አምናለሁ። እኔም ለልጄ የማደርገው ይህንኑ ነው።