ጡረታ ለማን? ጧሪ ያጡ አረጋውያንና የመንግሥት ድርሻ

«ጡረታ» የሚለው ቃል «ጦረ» ከሚለው ግስ ጋር አንድ ሥር አለው። መጦር ማለት ጉልበቱ የደከመን ሰው አብልቶ፣ አልብሶና አክብሮ ማኖር ነው። በአገራችን ልማድ ይህ ግዴታ የልጅ ነው። ልጅ የሌለው ወይም ልጁ የራቀው ሰው «ጧሪ ቀባሪ የለውም» እየተባለ ይታዘንለታል። ዛሬ መነሣት ያለበት ጥያቄ ግን ቤተሰብ መጦር ሲያቅተው መንግሥት እስከ ምን ድረስ ይሄዳል የሚለው ነው።

በወረቀት ላይ የጎደለ ነገር ያለ አይመስልም። በ1987 ዓ.ም. የፀደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5፣ መንግሥት የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን ለአረጋውያን እንክብካቤ እንዲያደርግ ያዛል። በ1989 ዓ.ም. የልማታዊ ማኅበራዊ ደኅንነት ፖሊሲ ወጣ። ከ1998 እስከ 2007 ዓ.ም. የሚዘልቅ የአረጋውያን ብሔራዊ የድርጊት መርሐ ግብርም ተነድፎ ነበር። በ2007 ዓ.ም. ደግሞ የማኅበራዊ ጥበቃ ፖሊሲ ተከተለ። የአፍሪካ ኅብረት የአረጋውያን መብት ፕሮቶኮል የፀደቀውም እዚሁ አዲስ አበባ ላይ በጥር 2008 ዓ.ም. ነው። ችግሩ ያለው ከወረቀቱ ወደ አረጋዊው ቤት በሚወስደው መንገድ ላይ ነው።

የመጀመሪያው መንገድ ጡረታ ነው። በ1955 ዓ.ም. ለመንግሥት ሠራተኞች የተጀመረው ሥርዓት በ2003 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 715 ለግል ድርጅት ሠራተኞችም ተዘርግቷል። አሁን የሚሠራባቸው በ2014 ዓ.ም. የወጡት አዋጅ ቁጥር 1267 እና 1268 ናቸው። ሠራተኛው ከደመወዙ 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣሉ። በ60 ዓመት ዕድሜ አበል ለማግኘት ቢያንስ 10 ዓመት ማገልገል ያስፈልጋል። ይህ ደመወዝ ለነበረው ሰው የሚበጅ ሥርዓት ነው። ገበሬው፣ ሸማኔው፣ የጉልት ነጋዴዋ፣ የቀን ሠራተኛውና የቤት ሠራተኛዋ ግን የሉበትም። ዕድሜዋን በሙሉ ማጀት ውስጥ የደከመች ሴት አበል የምታገኘው በአብዛኛው ባሏ የጡረታ መብት ከነበረውና እሱ ከሞተ ነው። አበል ያላቸውም ቢሆኑ የገበያው ዋጋ ገንዘባቸውን ቀድሞ ይበላዋል።

ሁለተኛው መንገድ ሴፍቲኔት ነው። በ1997 ዓ.ም. በገጠር የተጀመረው ፕሮግራም ጉልበት ያላቸውን በሕዝብ ሥራ እያሰማራ፣ መሥራት ለማይችሉት ቀጥታ ድጋፍ ይሰጣል። የከተማው ፕሮግራምም በ11 ከተሞች ሲጀመር ይህንኑ አሠራር ይዞ ነው። ለብዙ ደካሞች እፎይታ መሆኑ አይካድም። ነገር ግን ድጋፉ የሚሰጠው ድሃ ተብሎ ለተመዘገበ ቤተሰብ እንጂ ለአረጋዊው በመብትነት አይደለም። ኮታው ሲሞላ ከጎረቤቱ እኩል የተቸገረ ሽማግሌ ከዝርዝሩ ውጭ ሊቀር ይችላል።

«ልጆቻቸውስ?» የሚል አይጠፋም። የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ ልጅ ለተቸገረ ወላጁ ቀለብ እንዲሰጥ ያስገድዳል። ለመሆኑ የትኛዋ እናት ናት ልጇን ፍርድ ቤት የምታቆም? ልጁስ ለቤት ኪራይና ለልጆቹ ትምህርት ቤት ከፍሎ ምን ይተርፈዋል?

ከገንዘቡ እኩል የሚያሳስበው ደግሞ መገለሉ ነው። አረጋዊ ሰው ከማኅበረሰቡ ጋር የሚያያዘው በዕድሩ፣ በማኅበሩ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ወይም በመስጊዱ፣ በቡናው ጎረቤት ነው። የዕድር መዋጮ መክፈል ያቃተው ሰው ቀባሪውንም ያጣል። በአዲስ አበባ ነባር መንደሮች ሲፈርሱ ነዋሪው ምትክ ቤት ቢያገኝ እንኳ አርባና ሃምሳ ዓመት የኖረበት ጉርብትና ይበተናል። አሳንሰር በሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የወጣች አሮጊት ደረጃው እስረኛ ያደርጋታል። ይህን የሚያደርገው የቤት ልማቱ ክፍል ነው፤ ስለ አረጋውያን የሚጠየቀው ግን የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር ነው። ግራና ቀኙ ካልተነጋገሩ ፖሊሲው ምን ይፈይዳል?

«አገሪቱ ድሃ ናት፣ ከየት ይመጣል?» የሚለው መከራከሪያ ክብደት አለው። ሆኖም ሌሴቶ ሀብታም ሳትሆን እ.ኤ.አ. በ2004 ዕድሜያቸው 70 ለሞላ ዜጎቿ መዋጮ የማይጠይቅ ጡረታ ጀምራለች። ጎረቤታችን ኬንያም እ.ኤ.አ. በ2018 ለዚሁ ዕድሜ በወር 2,000 ሽልንግ መስጠት ጀምራለች። በእኛ አገር ዕድሜያቸው ከ60 በላይ የሆኑት ከመቶ 5 ገደማ ናቸው። ቁጥራቸው ገና ትንሽ በሆነበት ጊዜ መጀመር፣ ከበዙ በኋላ ከመጀመር ይረክሳል።

ስለዚህ ከትንሹ መጀመር ይቻላል። 75 ዓመት የሞላቸውና የጡረታ አበል የሌላቸው አረጋውያን አነስተኛ ወርኃዊ አበል በሕግ ይወሰንላቸው። የልደት ማስረጃ ለሌላቸው የአካባቢ ሽማግሌዎች ምስክርነት ይበቃል። በልማት ለሚነሡ አረጋውያን ምድር ቤት እንዲሰጣቸውና ከዕድርተኞቻቸው ጋር አንድ አካባቢ እንዲሰፍሩ መመሪያ ይውጣ፤ ይህ ብዙ በጀት አይጠይቅም። ምክር ቤቱም በየዓመቱ በጀት ሲያፀድቅ «አቅም በፈቀደ መጠን» የሚለው ሐረግ በብር ስንት እንደሆነ ይጠይቅ። መጠኑ ያልታወቀ አቅም ሁልጊዜ «አይፈቅድም»፤ አረጋውያኑ ደግሞ ረጅም ቀጠሮ የሚጠብቁበት ዕድሜ የላቸውም።