የጾም ወተት ለምን ይደፋል?



በንፋስ ስልክ ላፍቶ ላም እያለቡ ልጆች የሚያስተምሩ አንዲት ጎረቤቴ ባለፈው ዐቢይ ጾም ነጋዴው አልገዛም ያላቸውን ወተት በእጅ ንጠው መጨረስ ስላቃታቸው ሲደፉት አይቼ አዘንኩ። ሰው ይጾማል፤ ላሟ ግን በጾምም ትታለባለች።

የወተት ንግዳችንን ታሪክ ስንመለከት ችግሩ ያለው ፋብሪካው የማን ነው በሚለው ላይ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ1947 በዓለም አቀፍ እርዳታ 300 የፍሪዥያንና የብራውን ስዊስ ከብቶች ወደ አገራችን ገቡ። ከዚያም በሾላ የተቋቋመው ማቀነባበሪያ የገበሬውን ወተት ለከተማው ማድረሱ የሚመሰገን ነው። ዳሩ ግን የመንግሥት እንጂ የባለላሞቹ ንብረት አልነበረም። በዴንማርክ ገበሬዎች እ.ኤ.አ. በ1882 የራሳቸውን የቅቤ ፋብሪካ አቁመው ትርፉን እያንዳንዱ ባስገባው ወተት ልክ ተካፈሉ። ይህ የሩቅ አገር ነገር ነው የሚል ቢኖር፣ እዚሁ ቢሾፍቱ የአድአ ወተት አምራቾች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1998 በ34 ሰዎች ተጀምሮ ብዙ መቶ አባላት አፍርቷል።

የሰፈራችን ባለላሞችም እንዲደራጁ አዋጅ ቁጥር 985/2009 ይፈቅድላቸዋል። የቸገራቸው ማቀዝቀዣና መናጫ የሚተክሉበት ቦታ ነው። ስለዚህ በክፍለ ከተማው መሬት የሚያስተዳድሩ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ከሚመጣው ዐቢይ ጾም በፊት አንዲት ክፍል እንኳ እንዲሰጧቸው በትሕትና እለምናለሁ። የዚያን ጊዜ የሚደፋው ወተት ቅቤ ሆኖ ለፋሲካ ይደርሳል።

አንድ መምህር
ከላፍቶ