የ12 ዶላሩ ወንበር

 

ዛሬ ስለ አንድ ወንበር ላጫውታችሁ ነው። ባለፈው ወር ከልጄ ጋር አውሮራ ውስጥ ወደሚገኝ አንድ የአሮጌ ዕቃ መሸጫ ገብተን የምግብ ጠረጴዛ ወንበር በ12 ዶላር ገዛን። እግሩ ይወዛወዛል፣ የመቀመጫው ጨርቅ ተቀዷል፣ ስፖንጁም እንደ ደረቅ ዳቦ ይፈረፈራል። ልጄ መኪና ውስጥ እስክንገባ ዝም ብላ ቆየችና «አባዬ፣ ጓደኞቼ ሲመጡ ግን ደብቅልኝ» አለችኝ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ቅር አለኝ። እኔ እዚህ አገር እንደመጣሁ መጀመሪያ የተቀመጥኩበት ወንበር ሰው የሰጠኝ አሮጌ ወንበር ነበር። ወላጆቻችሁን ጠይቁ፣ ብዙዎቹ እንደዚሁ ይሏችኋል። ስለዚህ ዛሬ የምላችሁ ይህ ነው፦ አሮጌ ዕቃ መግዛት አያሳፍርም። የሚያሳፍረው ሊጠገን የሚችለውን መጣል ነው።

አሮጌ ሲገዛ ግን አይን ከፍቶ ነው። እኛ ከመግዛታችን በፊት ስፌቱን ሁሉ በባትሪ አየን፤ ትኋን ያለበት ዕቃ በነጻም ቢሆን ቤት አይገባም። ቀጥሎ ዕድሜውን ፈለግን። አሜሪካ ውስጥ እርሳስ ያለበት የቤት ቀለም የተከለከለው በ1978 እ.ኤ.አ. ነው። እርሳስ ስላችሁ የምትጽፉበትን አይደለም፣ መርዛማውን ብረት ነው። ከዚያ በፊት የተቀባ ዕቃ ሲፋቅ ብናኙ በተለይ ልጆችን ይጎዳል። የእኛ ወንበር ከሥሩ በተለጠፈው ወረቀት ላይ 1996 ስለሚል ገዛነው።

ቤት ስንደርስ ገልብጠን አራቱን ብሎኖች በካቻቢቴ ፈታን፤ መቀመጫው ብቻውን ወጣ። አሮጌውን ጨርቅ የያዙትን ስቴፕሎች አንድ በአንድ በፒንሳ ነቀልናቸው። ጨርቁን ግን አልጣልነውም፤ ለአዲሱ መለኪያ ሆነን። የእኛ የኮሎራዶ አየር ደረቅ ነው፤ በደረቅ አየር እንጨት ይኮማተራል፣ የድሮ ኮላም ይለቃል። ስለዚህ የእግሩን አሮጌ ኮላ ፍቀን አዲስ ቀባንና በገመድ ጥፍር አድርገን አስረን አሳደርነው። እንጨቱንም በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስነው።

ጨርቅ ማልበሱ ነው ያስቸገረን። ልጄ ቸኩላ ከአንድ ጥግ ጀመረች፤ ጨርቁ ተጨማደደ። ሁሉንም ነቅለን እንደገና! መጀመሪያ የአራቱን ጎኖች መሀል መሀላቸውን መምታት፣ ከዚያ ጨርቁን ወጠር እያደረጉ ወደ ጥጉ መሄድ፣ ጥጉን መጨረሻ ላይ ማጠፍ ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚባለው ለካ ለወንበርም ነው።

አሁን ወደ እኔ ሙያ ወደ ሂሳቡ እንምጣ። ወንበሩ 12 ዶላር፣ ስፖንጁ 14፣ ቁራጭ ጨርቁ 8፣ ኮላና ብርጭቆ ወረቀቱ 9፣ ስቴፕሉ 4፤ በድምሩ 47 ዶላር። ትልቁን ስቴፕለር ከጎረቤት ተዋስን። «በ50 ዶላር አዲስ ይገኛል እኮ!» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። የሂሳብ ሠራተኛ ነኝና አልዋሻችሁም፤ ያተረፍነው 3 ዶላር ነው፣ ሁለት ቅዳሜም ሄዶብናል። ነገር ግን ኮላው፣ ወረቀቱና ስቴፕሉ ገና አላለቁም። ስለዚህ ሁለተኛው ወንበር የሚፈጀው 34 ዶላር ብቻ ነው። ሥራውንም ስለለመድን አንድ ቅዳሜ ይበቃዋል።

በሂሳብ መዝገቤ ላይ የማይገባም አለ። አሜሪካ ውስጥ በ2018 ብቻ ከ12 ሚሊዮን ቶን በላይ የቤት ዕቃ ተጥሏል፤ ከአምስቱ አራት እጅ ያህሉ መሬት ውስጥ ተቀበረ። እኛ ደግሞ የመጣነው ዕቃ ቶሎ ከማይጣልበት አገር ነው። አዲስ አበባ ውስጥ «ቆራሌው!» እያሉ በየሰፈሩ ዞረው ባዶ ጠርሙሱንና ቆርቆሮውን የሚገዙ ሰዎች አሉ። መርካቶ ውስጥም ምናለሽ ተራ የሚባል ቦታ አለ፤ ስሙን ለያይታችሁ አንብቡት፣ «ምን አለሽ?» ነው። እዚያ አሮጌው ዕቃ ይቀጠቀጣል፣ ይጠገናል፣ እንደገና ይሸጣል። ማንም አያፍርበትም፤ እንጀራ ነው።

ሌላም ትርፍ አለ። ልጄ ካቻቢቴን፣ ፒንሳንና ኮላን በአማርኛ አታውቃቸውም ነበር። ሦስቱም ከጣልያንኛ ወደ እኛ የገቡ ቃላት ናቸው። ክፍል ውስጥ ሰሌዳ ላይ ብጽፍላት ኖሮ እስከ ሰኞ ትረሳቸው ነበር። አሁን ግን «አባዬ፣ ካቻቢቴውን አቀብለኝ» ትላለች። በእጅ የተያዘ ቃል አይጠፋም።

ባለፈው እሁድ ጓደኞቿ መጡ። ወንበሩን አልደበቅሁትም፣ እሷም ደብቅልኝ አላለችም። አንዷ ልትቀመጥበት ስትል «ቆይ፣ እሱ የእኔ ነው፣ እኔ ነኝ የሠራሁት» ብላ ራሷ ቁጭ አለች።

በሉ እንግዲህ ልጆች፣ የቤት ሥራ አለባችሁ። እናትና አባታችሁን «አሜሪካ ስትመጡ መጀመሪያ የተቀመጣችሁበት ወንበር ከየት መጣ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን በአምስት ዓረፍተ ነገር ጽፋችሁ ለቅዳሜ ይዛችሁ ኑ። ቤት ውስጥ የሚወዛወዝ ወንበር ካለም ከመጣሉ በፊት ገልብጣችሁ ሥሩን እዩት።

ደህና ሰንብቱ!