የእርግብ ዋጋ ስንት ነው?

ቤትና ሒሳብ — የሳምንቱ ዓምድ

ባለፈው ሳምንት ማባዛት ተምረናል። ዛሬ ማባዛት በቤት ውስጥ ለምን እንደሚጠቅም እንነግራችኋለን። ታሪኩ በራሳችን ላይ የደረሰ ነው። ጥፋቱም የኛ የአስተማሪዎቹ ነው።

እኛ ሦስት አስተማሪዎች ነን። ሦስታችንም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነን። ክረምቱን የምናሳልፈው በአንዲት እናት ቤት ነው። እማማ እንላቸዋለን። እሳቸውም ማታ ማታ ከሌሎች ተማሪዎች ጋር ይማራሉ።

በሐምሌ መጀመሪያ ገበያ ወጣን። አንድ ልጅ ሁለት እርግቦች ይዞ ቆሟል። አንዱ ወንድ፣ አንዷ ሴት ናት። አንገታቸው ፀሐይ ሲያርፍበት ያብለጨልጫል። ወደድናቸው። ኪሳችን ግን ስስ ነበር። ያለንን አዋጣን። ልጁም ትንሽ ቀነሰልን። «በርካሽ አገኘን!» ብለን ደስ እያለን ይዘናቸው ገባን።

እማማ አይተውን ሳቁ።

«እናንተ ልጆች፣ ዶሮ ብትገዙ እንቁላል ትበሉ አልነበረም?»

«እማማ፣ እኛ የፈለግነው እነሱን ማየት ነው» አልናቸው።

«እሱስ ደግ ነው። ዓይንም ይራባል» አሉ።

አዲስ እርግብ ወዲያው አይለቀቅም። ከተለቀቀ ወደ ቀድሞ ቤቱ ይመለሳል። ስለዚህ አዲሱን ቤት እስኪለምድ ጥቂት ሳምንት ይዘጋበታል። እኛም አሮጌ ቅርጫት ከጣራው ክፈፍ ሥር ሰቅለን አኖርናቸው። ቅርጫቱን የሰጡን እማማ ናቸው።

የተዘጋበት ወፍ ግን ለቅሞ አይበላም። የሚበላውን ሁሉ ሰው ይሰጠዋል። ጠዋት አንድ እፍኝ ስንዴ፣ ማታ አንድ እፍኝ ስንዴ ሰጠናቸው። ስንዴው ከየት መጣ? ከእማማ ጎታ። «ውሰዱ፣ ልጆቼ» ብለውን ነበር። እኛም ወሰድን። አንድ እፍኝ ምን አላት አልን።

ሐምሌ እንዴት ያለ ወር እንደሆነ ከኛ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። አሮጌው እህል ያልቃል። አዲሱ ገና በማሳ ላይ አረንጓዴ ነው። እኛ የከተማ ልጆች ግን ይህን አላሰብንም። አንድ ቀን ቡናው ያለ ቆሎ ቀረበ። በማግስቱም እንዲሁ። ረስተው ይሆናል አልን። ጠጥተን፣ አመስግነን ተነሣን።

ወሩ አለቀ። አንድ ማታ ከትምህርት በኋላ እማማ ደብተራቸውን ዘረጉልን። «እስቲ እረሙልኝ» አሉ። በትልልቅ ፊደል እንዲህ ተጽፏል፦

ጠዋት 1 እፍኝ፣ ማታ 1 እፍኝ።
በቀን 2 እፍኝ።
2 × 30 = 60 እፍኝ።
10 እፍኝ 1 ጣሳ ይሞላል።
60 ÷ 10 = 6 ጣሳ።

ሒሳቡ ልክ ነበር። «ጎበዝ፣ እማማ!» ብለን አጨበጨብን። ከሥሩ ግን አንድ መስመር ቀርቶ ኖሯል። እንዲህ ይላል፦

በጎታው የቀረ ስንዴ 4 ጣሳ።

ዝም አልን። የቆሎው ነገር ያን ጊዜ ገባን። እማማም አቀርቅረው «እንግዶቼ ናችሁና በአፌ ልናገረው አፈርኩ። ስጽፈው ግን ቀለለኝ» አሉ።

ማባዛት ያስተማርናቸው እኛ ነን። ማስላት የነበረብንም እኛ ነበርን። ያሰሉት ግን እሳቸው ሆኑ።

በማግስቱ 6 ጣሳ ስንዴ ገዝተን ተካን። ለሻይ የያዝናት ገንዘብ አለቀች። «እርግቦቹን እንሽጣቸው» አልን። እማማ እምቢ አሉ። «ትንሹ ልጄ ለምዷቸዋል። ይልቅ ዘዴ ፈልጉ» አሉን። ነገሩን ወደ ክፍል ወሰድነው። ከተማሪዎቻችን ጋር ተወያይተን የደረስንበት ይህ ነው።

1ኛ. መጀመሪያ ማስላት፣ ኋላ መግዛት። የገበያው ዋጋ አንድ ቀን ይከፈላል። የምግቡ ዋጋ ግን በየቀኑ ነው። ሁለት እርግቦች በቀን 80 ግራም ያህል እህል ይበላሉ። በወር 80 × 30 = 2,400 ግራም ይሆናል። ይህ 2 ኪሎ ተኩል ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። በዓመት ደግሞ 29 ኪሎ ያህል ነው። ጫጩት ሲያሳድጉ ከዚህም ይበልጣል። በአካባቢያችሁ የአንድ ኪሎ እህል ዋጋ ስንት ነው? አባዙት። ቁጥሩ ካስደነገጣችሁ ቆዩ። እርግብ ለመግዛት ሌላ ገበያ አይጠፋም።

2ኛ. ቤቱን ከለመዱ በኋላ መልቀቅ። ቀን ቀን ወጥተው ራሳቸው ይለቅማሉ። ማታ ይመለሳሉ። የኛዎቹ ከተለቀቁ ወዲህ የምንሰጣቸው ማታ 1 እፍኝ ብቻ ነው። ውሃ ግን ሁልጊዜ ይቀርብላቸዋል። መኸር ሲደርስም አውድማ ሲጠረግ ከአፈር ጋር የሚቀረውን ፍሬ አስቀምጡላቸው። ጎረቤት ዘር በሚዘራበት ሰሞን ግን ዝጉባቸው። በወፍ ምክንያት ከጎረቤት መጣላት አይገባም።

3ኛ. ለቤታቸው ገንዘብ አለማውጣት። አሮጌ ቅርጫት ወይም ሣጥን ይበቃል። ድመትና ሽለምጥማጥ እንዳይደርሱበት ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉት። ሰው በሚተኛበት ክፍል አታኑሯቸው። የኩሳቸው ብናኝ ሳንባ ይጎዳል። ስትጠርጉ መጀመሪያ ውሃ እርጩበት። የተጠረገው ተጠራቅሞና በስብሶ ለጎመን መደብ ጥሩ ማዳበሪያ ነው።

4ኛ. ቁጥራቸውን መጠበቅ። እርግብ በአንድ ጊዜ 2 እንቁላል ትጥላለች። ወንዱና ሴቷ እየተፈራረቁ ይታቀፋሉ። በ18 ቀን ገደማ ይፈለፈላል። ጫጩቶቹ በ1 ወር ገደማ ይበራሉ። ስለዚህ 2 የነበሩት 4፣ 4 የነበሩት 6 ይሆናሉ። እህሉ ግን አብሮ አይበዛም። የምትችሉትን ያህል አስቀርታችሁ የተረፉትን ሽጡ።

በውይይቱ ላይ አንድ ወጣት ተማሪ እጁን አወጣ። «ታዲያ ከጫካ ብንይዝስ? እሱ በነጻ ነው» አለ። ጥያቄው ጥሩ ነው። በደጋው አገር ዛፍ ላይ የምትኖር ትንሽ አረንጓዴ በቀቀን አለች። የወንዱ ግንባር ቀይ ነው። ይህች ወፍ በተፈጥሮ የምትኖረው በኢትዮጵያና በኤርትራ ብቻ ነው። እሷን የመሰለ የዱር ወፍ ተይዞ ሲዘጋበት ይደነግጣል። ምግብ እምቢ ይላል። ብዙውን ጊዜም ይሞታል። በነጻ የተገኘ ይመስላል እንጂ ነፍስ ጠፍቶበታል።

የዱር ወፍ ማየት ለሚወድ ሌላ መንገድ አለ። የተሰበረ ገንቦ ግርጌ ፈልጉ። ውሃ ሙሉበትና ከዛፍ ሥር አስቀምጡ። ውሃውን በየቀኑ ለውጡ። በበጋ ጠዋት ቁጭ ብላችሁ ጠብቁ። ወፎቹ ራሳቸው ይመጣሉ። ይህ ምንም ወጪ የለውም።

ድሃ ሰው የሚያምር ነገር አይመኝ አንልም። እማማ እንዳሉት ዓይንም ይራባል። ነገር ግን የዓይን ምግብ ከማን አፍ እንደሚወጣ አስቀድሞ ማወቅ ይገባል። እኛ ያወቅነው ዘግይተን ነው።

አሁን ነሐሴ ነው። ሴቷ እርግብ 2 እንቁላል ታቅፋለች። ትናንት ማታ ቡናው ከነቆሎው ቀረበ። እማማ ቀና ብለው ቅርጫቱን አዩ። «እነዚህ ሲፈለፈሉ በቀን ስንት እፍኝ ሊሆን ነው?» አሉ። ከዚያም ደብተራቸውን አነሡ።

አዲስ ቃላት፦ ጎታ፣ እፍኝ፣ ክፈፍ፣ ወጪ፣ ማዳበሪያ። እያንዳንዱን 3 ጊዜ ጻፉ።

ጥያቄዎች፦
1. ቡናው ያለ ቆሎ የቀረበው ለምንድን ነው?
2. በቀን 1 እፍኝ ቢሰጥ በ30 ቀን ስንት ጣሳ ይሆናል? ከ6 ጣሳ ስንት ይተርፋል?
3. በቤታችሁ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት የሚወጣ ነገር ምንድን ነው? በ30 አባዙና በደብተራችሁ ጻፉ። በሚቀጥለው ሳምንት በክፍል እናነባለን።