የጄራኒየምን ማሰሮ ስለ መለወጥ

ክረምቱ አልፎ መስቀል ከተከበረ በኋላ፥ ይልቁንም ከመስከረም 26 ቀን እስከ ኅዳር 5 ቀን በሚቈየው በወርኃ ጽጌ፥ ሜዳው ሁሉ በአደይ ሲያሸበርቅ በየቤቱ በረንዳ ላይ የተቀመጠው አበባ ግን ከስቶና ገርጥቶ የሚታይበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ባለቤቶቹ ውሃ ይጨምሩለታል፤ ፍግ ይነሰንሱለታል፤ እርሱ ግን አያገግምም። ሕመሙ ከታች፥ ከሥሩ ነውና። ስለዚህ በብዙ ቤቶቻችን ስለሚገኘው ስለ ጄራኒየም፥ ማሰሮው እንዴት እንደሚለወጥና ከዚያም በኋላ ምን ዓይነት እንክብካቤ እንደሚያስፈልገው ጥቂት ቃል ልንናገር ወደድን።

ጄራኒየም እያልን የምንጠራው ይህ የማሰሮ አበባ በዕፀዋት ሊቃውንት ዘንድ ስሙ ፔላርጎንየም ነው። ሊኔ የተባለው የስዊድን ሊቅ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1753 ዓ.ም. ከጄራኒየም ወገን ቈጥሮት ነበር፤ በ1789 ዓ.ም. ግን ሌሪቲዬ የተባለው ፈረንሳዊ ለይቶ ለብቻው ወገን አደረገው። የሕዝቡ አፍ ግን የፊተኛውን ስም አልተወም። ፔላርጎስ በግሪክ ቋንቋ ሽመላ ማለት ነው፤ የፍሬው ጫፍ እንደ ሽመላ መንቁር የሾለ ስለ ሆነ ይህን ስም አገኘ። በአገራችን ደጋም ዘመዶቹ የሆኑ የዱር ዓይነቶች ይበቅላሉ፤ በየበረንዳው የምናየው ግን አያቶቹ ከደቡብ አፍሪቃ የመጡ ናቸው። ይህን ማንሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም። ከደረቅና ፀሐያማ አገር የመጣ ተክል ጥማትን ይታገሣል፤ ሥሩ በውሃ ሲዋጥ ግን አይታገሥም። እንግዲህ የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ለእርሱ ምን ያህል ፈተና እንደ ሆነ መገመት አያዳግትም።

ማሰሮው መለወጥ የሚያስፈልገው መሆኑ በምን ይታወቃል ቢሉ፥ ውሃ ሲጠጣ አፈሩ ሳይርስ ወዲያው በታች የሚፈስ፥ ጧት ጠጥቶ ማታ የሚጠወልግ፥ ሥሩም በማሰሮው ቀዳዳ ብቅ ያለ እንደ ሆነ ነው። እንዲህ ያለው ተክል ከማሰሮው ሲወጣ ሥሩ እንደ ሙዳይ ስፌት ዙሪያውን ተጠላልፎ ይገኛል። ነገር ግን ችኰላ አይገባም። ጄራኒየም ጥቂት ሲጠበው የተሻለ የሚያብብ ተክል ነውና፥ በአንድ ወይም በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ ቢለወጥለት ይበቃዋል።

በአንዳንድ ቤት ግን አበባው እንዲሁ በቀላሉ የሚነካ አይደለም። እናት ወይም አያት በእጃቸው ተክለውት፥ እርሳቸው ካረፉ በኋላ በዚያው አሮጌ የዘይት ቆርቆሮ ውስጥ የቀረ አበባ አለ። ቆርቆሮው ዝጎ ሊበሳ ደርሷል፤ ልጆቹ ግን «ብንነቅለው ቢደርቅስ? ምን ሊቀርልን ነው?» እያሉ ከዓመት ወደ ዓመት ያሳልፉታል። ፍርሃታቸው የሚነቀፍ አይደለም፤ ነገር ግን ሳይነኩት መተውም እርሱን ማጣት ነው። መድኃኒቱ አስቀድሞ ቅርንጫፍ ቈርጦ መትከል ነው። ካላበቡት ቅርንጫፎች ሦስት ወይም አራት መርጦ፥ ርዝመታቸውን 10 ሳንቲ ሜትር ያህል አድርጎ፥ ከአንጓው ሥር በስለታም ቢላዋ መቍረጥ ይገባል። የታችኛዎቹ ቅጠሎች ይነሡ፤ ቍራጩም ቍስሉ እስኪደርቅ ድረስ ለጥቂት ሰዓት በጥላ ይቈይ፤ ከዚያም አሸዋ በበዛበት አፈር ይተከል። በላስቲክ መሸፈን አያስፈልገውም፤ እንዲያውም ያበሰብሰዋል። በአንድ ወር አካባቢ ሥር ይሰዳል። ከዘር የበቀለ ጄራኒየም ከወላጁ ሊለይ ይችላል፤ ከቅርንጫፍ የበቀለው ግን ያው የእናት አበባ ራሱ ነው፤ ቀለሙም መዓዛውም አይለወጥም። ቍራጮቹ ሥር ሰደው አዲስ ቅጠል ካወጡ በኋላ አሮጌውን ተክል ያለ ሥጋት መንካት ይቻላል።

ስለ ማሰሮው ስንናገር፥ እኛ የምንመርጠው ያልተቀባውን ሸክላ ነው፤ ገላው አየር ያስገባልና። ሸክላው አዲስ ከሆነ አስቀድሞ በውሃ ይነከር፤ አለዚያ የአፈሩን እርጥበት ራሱ ይጠጣዋል። በላስቲክ ባልዲም ሆነ በተቈረጠ ጀሪካን መትከል ይቻላል፤ የታች ቀዳዳ የሌለው ግን ለምንም አይሆንም። ስፋቱም ከቀድሞው በ3 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ይብለጥ። ብዙ ሰዎች ለተክሉ የራሩለት መስሏቸው ትልቅ ማሰሮ ይሰጡታል፤ ሥሩ ያልደረሰበት አፈር ግን ውሃ አቍሮ ይቀመጣል፤ ተክሉም ወይ ይበሰብሳል፥ ወይም ቅጠል ብቻ ይሆናል።

ከማሰሮው ግርጌ ጠጠር የመነስነስም ልማድ አለ፤ ውሃውን ያወርደዋል ተብሎ ነው። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። ውሃ ከደቃቅ አፈር ወደ ጠጠር የሚወርደው በላይ ያለው አፈር ጠግቦ ሊይዘው ሲያቅተው ነው፤ ስለዚህ ጠጠሩ ረግረጉን ወደ ሥሩ ያስጠጋዋል እንጂ አያርቀውም። አፈሩ በቀዳዳው እንዳይፈስ አንድ የገል ስባሪ ማኖር ይበቃል። ውሃን የሚያሳልፈው የአፈሩ ቅይጥ ነው፤ ሁለት እጅ ቀይ ወይም የጫካ አፈር፥ አንድ እጅ ፈጽሞ የበሰበሰ ፍግ፥ አንድ እጅ የታጠበ አሸዋ። መረሬ አፈር ግን ሲርስ ውሃ ስለሚይዝ ሲደርቅም ስለሚሰነጠቅ ለማሰሮ አይመከርም።

ሥራው ራሱ ረዥም አይደለም። ተክሉ አንድ ቀን አስቀድሞ ውሃ ይጠጣ። በማግስቱ ግንዱን በጣቶች መካከል ይዞ ማሰሮውን መገልበጥና ዳር ዳሩን መታ መታ ማድረግ ነው፤ በግንዱ መጐተት አይገባም። ሥሩ ነጭና ጠንካራ ከሆነ ደኅና ነው፤ ቡናማ ሆኖ የሚላላውና የሚሸተው ግን ተቈርጦ ይጣል። የተጠላለፈው በጣት ይፍታታ። ከዚያም ግንዱ ቀድሞ ከነበረበት ጥልቀት ሳያልፍ በአዲሱ አፈር ይተከል፤ ከማሰሮው አፍ በታች 2 ሳንቲ ሜትር ያህል የውሃ ቦታ ይተውለት። በታች እስኪፈስ ድረስ ውሃ ይጠጣና ለአንድ ሳምንት ከብርቱ ፀሐይ ይከለል።

በዚያ ሳምንት ጥቂት ቅጠል ቢጠወልግ ወይም ቢቀላ መደንገጥ አይገባም፤ ሥሩ ቦታውን እየያዘ ነው። ደንግጦ ውሃ ማብዛት ግን ብዙ አበባ ገድሏል። ጣት ወደ አፈሩ አስገብቶ እስከ 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር ደርቆ ሲገኝ ብቻ ውሃ ይሰጠው፤ ውሃውም በአፈሩ ላይ እንጂ በቅጠሉ ላይ አይፍሰስ። ለአንድ ወር ከግማሽ ማዳበሪያ አያስፈልገውም፤ አዲሱ አፈር ይመግበዋል። ከሳምንቱ በኋላ ግን በቀን እስከ 6 ሰዓት ፀሐይ ወደሚያገኝበት ቦታ ይውጣ። የደረቀው አበባ ከነዘንጉ ከሥሩ ይሰበር፤ ይህ ሲደረግ ተክሉ ዘር በማፍራት ፈንታ አዲስ እንቡጥ ያወጣል።

የቡና አተላ ከጀበና ወደ አበባው መድፋት በየቤታችን የተለመደ ነውና፥ ለወይዛዝርቱ ይህን እናሳስባለን፤ አተላው ሲደራረብ ከአፈሩ በላይ እንደ ቅርፊት ይጋገርና ውሃና አየር ይከለክላል። ከቅጠላ ቅጠልና ከፍግ ጋር በአንድነት በጕድጓድ ከበሰበሰ በኋላ ግን ጥሩ ምግብ ነው።

በቅጠሉ ላይ ቢጫ ነጠብጣብ፥ በጀርባውም ቡናማ ዱቄት የሚመስል ነገር ከታየ የዋግ በሽታ ነው። የታመሙት ቅጠሎች ዕለቱን ተለቅመው ይቃጠሉ፤ ከፍግ ጕድጓድ አይጨመሩ። ማሰሮዎቹም እርስ በርሳቸው እንዳይነካኩ ይራራቁ፤ ይህ በሽታ የሚበረታው ቅጠል ርሶ ሲቈይ ነውና፥ ሰኔ ሲገባ አሮጌውንም ሆነ ከቅርንጫፍ የበቀሉትን ዝናብ ከማይደርስበት፥ ብርሃን ግን ከሚያገኙበት ጣራ ሥር ማስገባት ያስፈልጋል።