በምግብ ጠረጴዛ ላይ የተከፈተ ጥብቅና

ባርባራ ጆርዳንን የማውቃት፣ እንደ ብዙው ሰው፣ በድምፅዋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 የአሜሪካ ተወካዮች ምክር ቤት የፍትሕ ኮሚቴ አባል ሆና፣ ኒክሰንን ከሥልጣን ስለ ማንሣት በተነሣው ክርክር ያሰማችውን ንግግር ስንት ጊዜ እንዳዳመጥሁት አላስታውስም። ቃሉን አንድ በአንድ እየመዘነች፣ ሳትቸኩል ነው የምትናገረው። የበላ ልበልሃን ወግ ለሰማ ጆሮ እንዲህ ያለው አነጋገር ባዳ አይደለም።

ዛሬ የምሟገተው ግን ስለዚያ ንግግር አይደለም። እንዲያውም ንግግሩ የሴትዮዋን ሥራ ጋርዶብናል ባይ ነኝ። እኛ የቃል ወዳጆች ላማረ አንደበት ቶሎ እንረታለን፤ ከዚያ በፊት ስለነበረው ድካም አንጠይቅም።

ጆርዳን በ1959 ከቦስተን ዩኒቨርሲቲ በሕግ ተመርቃ ወደ ትውልድ ከተማዋ ወደ ሂውስተን ስትመለስ፣ ጥብቅናዋን የጀመረችው በወላጆቿ ቤት የምግብ ጠረጴዛ ላይ ነበር። በ1962 እና በ1964 ለቴክሳስ ሕግ አውጪ ምክር ቤት ተወዳድራ ሁለቱንም ጊዜ ተሸነፈች። አውራጃው በሙሉ በአንድነት ይመርጥ ስለነበር የጥቁሮች ድምፅ በብዙኃኑ ይዋጥ ነበር። ፍርድ ቤቶች የምርጫ ክልሎች በሕዝብ ብዛት እንዲከለሉ ካስገደዱ በኋላ፣ በ1966 የቴክሳስ ሴናተር ሆነች። ከ1883 ወዲህ በዚያ ሸንጎ ጥቁር ተቀምጦ አያውቅም ነበር።

ለእኔ ታላቅነቷ ያለው ከዚህ በኋላ ባሉት ስድስት ዓመታት ውስጥ ነው። ከ31 ሴናተሮች መካከል ብቸኛዋ ጥቁር ሆና ገባች፤ ንግግር አላበዛችም፤ የቤቱን ደንብ አጠናች። በሸንጎው የያኔ ልማድ አንድ ረቂቅ ሕግ ለውይይት የሚቀርበው ሁለት ሦስተኛው አባል ሲስማማ ነበር። እንግዲህ 11 ሰው እንቢ ካለ ረቂቁ ባለበት ይቀር ነበር ማለት ነው። የመራጮችን ምዝገባ የሚያከብድ ረቂቅ በመጣ ጊዜ፣ አሥር ባልደረቦቿን አግባብታ አሥራ አንደኛዋ ራሷ ሆነች። ረቂቁ ቀረ። ይህን ማንም በቴፕ አልቀዳውም። ቴክሳስ የመጀመሪያውን የዝቅተኛ ደመወዝ ሕግ እንድታወጣም ደክማለች፤ ያ ሕግ በቅኔ አይወደስም፣ የእርሻ ሠራተኛው ግን ያውቀዋል።

በ1972 ባልደረቦቿ የሴኔቱ ጊዜያዊ ፕሬዚዳንት አድርገው መረጧት። በሰኔ ወር፣ እንደ ልማዱ አገረ ገዥውና ምክትሉ ከግዛቱ ሲወጡ፣ ለአንድ ቀን የቴክሳስ አገረ ገዥ ሆነች። ሰባኪው አባቷ ቤንጃሚን ጆርዳን በሥነ ሥርዓቱ ላይ ነበሩ። በዚያው ዕለት እዚያው ታመው ወደቁ፤ በማግስቱ ዐረፉ። ልጃቸው ስትምል ግን አይተዋል።