ሰላይ ወይስ የውስጥ አርበኛ?

በክፍላችን ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በተከራከርን ጊዜ አንድ ጓደኛችን፥ «ጀግና ጠመንጃ ይዞ ግንባር የቆመ ነው እንጂ ተደብቆ ወሬ የሚለቅም ሰላይ አይደለም» ሲል ብዙዎች አጨበጨቡለት። እኔ አልተስማማሁም። ምክንያቴን የፖላንድን ሰዎች ሥራ ጠቅሼ ለአንባቢዎች ላስረዳ እወዳለሁ። (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ጀርመኖች በ1939 ፖላንድን ከያዙ በኋላ ሕዝቡ በስውር ጦር አደራጀ። በ1943 መጨረሻ ጀርመኖች ብሊዝና ከተባለ መንደር ፋው ሁለት የሚባለውን አዲስ ሮኬት ይሞክሩ ጀመር። ሮኬቱም የሚወድቀው በፖላንድ ገበሬ ምድር ላይ ነበር። የጀርመን ወታደሮች ስብርባሪውን ለማንሣት በመኪና ሲገሠግሡ፥ አርበኞቹ ቀድመው ደርሰው ይለቅሙት ነበር።

በሜይ 1944 ቡግ ወንዝ ዳር አንዱ ሳይፈነዳ ወደቀ። አርበኞቹም ደብቀው፥ ኋላ ፈታትተው ወሰዱት። ፕሮፌሰር ግሮሽኮቭስኪ የራዲዮውን ዕቃ፥ ፕሮፌሰር ስትሩሺንስኪ ነዳጁን በዋርሶ በምስጢር መረመሩ። (ኬሚስትሪ ምን ይሠራልናል የምትሉ ይህን አስተውሉ!)

በጁላይ 25 ሌሊት ከኢጣልያ የተነሣ ዳኮታ አይሮፕላን ዕቃውን ሊወስድ በታርኑቭ አካባቢ ሜዳ ላይ አረፈ፤ ነገር ግን መንኰራኵሩ በረጠበው መሬት ሰመጠ። የጀርመን ጦር ሩቅ አልነበረም። ሰዎቹ በእጃቸው ጭምር አፈር እየዛቁ፥ ሳንቃ እያነጠፉ ከብዙ ሙከራ በኋላ አስነሡት። ኢንጂኔር ህሜሌቭስኪም ከነዕቃው ሎንዶን ገባ።

«ታዲያ በሴፕቴምበር ሮኬቱ ሎንዶን ላይ መውደቁ መቼ ቀረ?» ይባል ይሆናል። እውነት ነው፥ አልቀረም፤ ከተተኰሰ በኋላ በአየር ላይ የሚያስቆመው መሣሪያ አልነበረምና። ሆኖም እንግሊዞች የሚመጣባቸውን ነገር በግምት ብቻ ሳይሆን በእጃቸው ዳስሰው ዐወቁት። ይህ ቀላል ነገር ነውን?

የሮኬቱን ምርመራ ከመሩት አንዱ አንቶኒ ኮትሲያን ነበር። ከጦርነቱ በፊት ሞተር የሌላቸው አይሮፕላኖች ይነድፍ የነበረ ሰው ነው። ጀርመኖች ያዙት፤ በኦገስት 1944 ዋርሶ ውስጥ ገደሉት። ግንባር ያለ ወታደር ጠመንጃና ጓድ አለው፤ ይህ ሰው በእስር ቤት ምን ነበረው?

እኛ ወገኑን ለጠላት የሚሸጠውን ባንዳ ብለነዋል። በኢጣልያ ወረራ ዘመን በጠላት መካከል ተቀምጦ ምስጢር ለአርበኞች ያቀብል የነበረውን ደግሞ የውስጥ አርበኛ ብለን አክብረነዋል። ጓደኛችን ይህን ስም ለኮትሲያን የሚነፍገው በምን ምክንያት እንደ ሆነ በሚቀጥለው ክርክር ይንገረን።